ከግቢው አንድ ሰው

የቀበሌው ጓድ ደገፋ ድምፁን ዝቅ ያደረገ መስሎት ነበር። በጽገሬዳ ክፍልና በአረጋዊ ሳሎን መካከል የቆመው ግን ስስ የኮምፔርሳቶ ግድግዳ ነው፤ በዚህ በኩል ሲነጠስ በዚያ በኩል «ይማርሽ» ይባላል። ጽገሬዳ ራስ ምታት ይዟት ከመሥሪያ ቤት በስድስት ሰዓት ተመልሳ፣ ነጠላዋን ዓይኗ ላይ ጥላ አልጋዋ ላይ ተጋድማ ነበር። ቤት መኖሯን ማንም አላወቀም። የአረጋዊ ሚስት ወለተሰንበት ስኳር መጥቷል ተብሎ ቀበሌ ሱቅ ተሰልፋለች፤ የእሷ ልጅ ሓለፎምና የጽገሬዳ ልጅ መረሳ ኳስ ሜዳ ናቸው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ለጊዜው ስለተወው የሰዎቹ ንግግር ቃል በቃል ይሰማል።

«ከግቢው አንድ ሰው መውጣት አለበት» አለ ደገፋ። «የውትድርና ኮታ ነው። በስብሰባው ላይ የተያዘው የሓለፎም ስም ነው። ለአንተ ብዬ ነው ቀድሜ የምነግርህ።»

የሻይ ማንኪያ ከብርጭቆ ጋር ሲጋጭ ተሰማ። «በግቢው ውስጥ ሁለት ወጣት አለ» አለ አረጋዊ በመጨረሻ።

«አውቃለሁ። አንተ በአፍህ በለኝ እንጂ።»

«የሓለፎም እናት የልብ በሽተኛ ናት። ሐኪሙ ድንጋጤ አያግኛት ብሏል። እሱን ከወሰዳችሁት እሷን ልቀብር ነው።»

«እና ማንን ልጻፍ?»

«መረሳን ጻፍ።» ከዚያ ደግሞ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ «አባት የለውም። የሚያለቅስለት እናቱ ብቻ ናት» አለ።

ደገፋ ብዙ አልቆየም። በር ላይ ቆሞ «ከፍልሰታ በኋላ ቅዳሜ ነው የምንሰበስባቸው፤ እስከዚያ ትንፍሽ እንዳትል» ሲል ተሰማ፤ ከዚያ የዝናብ ጫማው ጭቃውን እየደፈጠጠ ራቀ። አረጋዊ ሳሎኑ ውስጥ ብቻውን ቀረ። ወንበሩ አልተንቀሳቀሰም። ጽገሬዳም አልተንቀሳቀሰችም። ሁለቱ ከግድግዳው ወዲህና ወዲያ፣ አንዱ የሌላውን መኖር ሳያውቅ፣ አንዷ ግን እያወቀች፣ ወለተሰንበት በሩን ከፍታ እስክትገባ ድረስ እንደዚያው ቆዩ።

አረጋዊ የሟች ባሏ ታላቅ ወንድም ነው። ባሏ ከሞተ ዘጠኝ ዓመት ሆነው። በእነዚህ ዓመታት ሁሉ ልደታ ማርያም ጀርባ ካለችው ከዚህች ግቢ «ውጪልኝ» አላላትም። ሁለት ክፍል ለቀቀላት። ለሓለፎም ጫማ ሲገዛ ለመረሳም ይገዛል፤ አንድ ዓይነት ጫማ፣ አንድ ዓይነት ሹራብ፣ ስለዚህም ሰፈሩ መንታዎቹ ይላቸዋል። ልጆቹ በጓሮው ክፍል አንድ አልጋ ላይ ነው የሚተኙት። ሁለቱም ዘንድሮ አሥራ ሁለተኛን ጨርሰው ለሁለቱም ነጥብ አልመጣላቸውም። ጽገሬዳ ያን ቀን ከሰዓት በኋላ አረጋዊን ልትጠላው ሞከረች። ጥላቻው ይነሳና መንገድ ላይ ይቀርባታል፤ በእሱ ቦታ ሆና ብትጠየቅ ምን እንደምትመልስ ታውቀው ነበርና።

ነገሩን የተናገረችው ለአንድ ሰው ብቻ ነው፤ ለመሥሪያ ቤቷ ጽዳት ሠራተኛ ለሎሚ። ጽገሬዳ ታይፒስት ናት፤ ሎሚ በየጠዋቱ ጠረጴዛዋን ስትወለውል አሥር ዓመት ተጨዋውተዋል። አሮጌ መዝገቦች በታጨቁበት ክፍል ውስጥ ቆማ ስትነግራት ሎሚ መጥረጊያዋን እንደያዘች ሰማቻት፤ አልደነገጠችም። ሎሚ ካቶሊክ ናት። በየዓመቱ ነሐሴ አሥራ ስድስት፣ የማርያም የዕርገት በዓል ዕለት፣ ከወሊሶ ማዶ ኮረብታ ላይ ወዳለች አንዲት የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ምእመናኑ አውቶቡስ ተከራይተው ሄደው ይሳለማሉ። እዚያ አባ ወልደ ሚካኤል የሚባሉ ቄስ አሉ፤ በሚሲዮኑ ግቢ የእንጨት ሥራ የሚያስተምሩ። አምና የእኅቷን ልጅ ተቀብለው ሠልጣኝ ነው ብለው መዝግበውት ከአፈሳ ተርፏል።

«ቃል ግን አልገባልሽም» አለች ሎሚ። «ሁለቴ መጥተው ፈትሸዋቸዋል ሲባል ሰምቻለሁ።»

«ኬላውንስ በምን ያልፋል? አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ እኮ ነው።»

«የኔ ሚደቅሳ አሥራ ስድስት ዓመቱ ነው። የተማሪ ካርዱ ላይ ያለው ፎቶ ውሃ ገብቶበታል፤ ማንም ቢሆን ሊሆን ይችላል።» ሎሚ ትንሽ አሰበች። «ያለኝ ግን አንድ ካርድ ነው።»

ጽገሬዳ የሓለፎም ፊት አንድ ጊዜ ድቅን አለባት። «አንድ ይበቃኛል» አለች።

የዚያኑ ዕለት የዓመት ፈቃድ ጠየቀች። ስድስት ዓመት ሙሉ ወስዳ አታውቅም። አለቃዋ መነጽሩን አውልቆ አያት፤ በዚያን ጊዜ ፈቃድ የሚወስድ ሰው ወይ ታሟል ወይ ሊጠፋ ነው። «ስለት አለብኝ፤ ማርያምን ልሳለም ነው» አለችው። ዕረፍቷን ቤተ ክርስቲያን ለመሳለም የምታጠፋ ሴት ለማንም አታሰጋም፤ ፈረመላት። ከቀበሌም ለራሷ የይለፍ ወረቀት አወጣች። ወረቀቱን የጻፈላት ደገፋ ነው። ጎንበስ ብሎ ስሟን ሲጽፍ አናቱ ላይ ያለውን ገላጣ ቦታ እያየች ቆመች። «ለእኛም ጸልዪልን» አለና ማኅተሙን መታላት።

ነሐሴ አሥራ ስድስት ሊነጋጋ ሲል ጽገሬዳና መረሳ ተነሱ። አረጋዊ የሰፈር ጥበቃ ተራው ስለነበር ቤት አላደረም። ወለተሰንበት ግን ቀድማ ተነስታ፣ በፎጣ የተጠቀለለ ዳቦ ይዛ በረንዳው ላይ ጠበቀቻቸው። ዝቅ ብላ ስትነሳ ደረቷን ትይዛለች፤ ከያዘችው በኋላ ደግሞ ማንም እንዳያይባት ነጠላዋን የምታስተካክል ትመስላለች። «ካቶሊክ ቤት ሄደሽ እንዳትለወጪብን» ብላ ሳቀች። ከጉያዋ ሁለት ጧፍ አወጣች። «አንዱ ለመረሳ፣ አንዱ ለሓለፎም። ስማቸውን ጥሪልኝ፣ ጽጌ። እነሱ ቤትም ብትሆን ማርያም ማርያም ናት።» ሓለፎም በቁምጣ እንደሆነ ዓይኑን እያሸ ወጣ። መረሳ ስስ ሸሚዝ ብቻ ለብሶ ሲያየው የራሱን ሹራብ ከላዩ አውልቆ ወረወረለት። «ልበሰው፤ ኮረብታ ላይ ብርድ ነው። ደግሞ ነጥብ ለምንልኝ፤ ሁለት ነጥብ ብቻ ነው የጎደለኝ» አለው። መረሳ «ለራሴ ሦስት ጎድሎኝ?» አለና ተሳሳቁ። ጽገሬዳ ቀድማ ከበር ወጣች።

ለመረሳ የነገረችው ግማሹን ነው። አፈሳ አለ ተብሎ ይወራል፣ ለአንድ ቀን በሰው ካርድ ትሄዳለህ፣ ስምህ ሚደቅሳ ነው፣ እናትህ ሎሚ ናት። ልጁ እንደ ጨዋታ ነው የያዘው። ተክለ ሃይማኖት ጋ አውቶቡሱ ላይ ሲወጡ ሎሚን «እማዬ» ብሎ ሳማት፤ ሎሚም ጎኗ አስቀመጠችው። ጽገሬዳ ሁለት ወንበር ወደኋላ፣ እማማ ቦሰና ከሚባሉ ዓይነ ስውር አሮጊት አጠገብ ተቀመጠች። እማማ ቦሰና አሥራ አራት ጊዜ ሄደዋል፤ ዓይናቸው አልበራም። «ዘንድሮ ዓይኔን አልለምናትም» አሉ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው። «አሁን ምን ላይ ብዬ?» አውቶቡሱ የእርጥብ ልብስና የናፍጣ ሽታ ይሸታል። ጣሪያው በሦስት ቦታ ያፈሳል። ምእመናኑ መቁጠሪያቸውን ይዘው በየመቀመጫቸው ያጉረመርማሉ፤ ጽገሬዳ ጸሎታቸውን ስለማታውቀው የራሷን በሆዷ ትደግማለች።

ኬላው ላይ ዝናቡ መጣ። ወታደሮቹ ሁሉንም አስወርደው ወንዶቹን ለብቻ አሰለፉ። ወንድ ማለት አምስት ሽማግሌዎች፣ አንድ ምርኩዝ የያዘ ሰውና መረሳ ነበሩ። አሥር አለቃው ካርዱን ተቀብሎ ወደ ብርሃን አዞረው፤ ከዚያ ልጁን አየ። ረጅም ነው፤ ከከንፈሩ በላይ ጢም ማቆጥቆጥ ጀምሯል። «ሚደቅሳ» ብሎ አነበበና ፈገግ አለ። የአገሩን ልጅ ያገኘ ሰው ፈገግታ ነበር። በኦሮምኛ አንድ ነገር ጠየቀው።

መረሳ ኦሮምኛ አያውቅም። ይህን ማንም አላሰበበትም፤ እናቱም፣ ሎሚም። ልጁ አፉን በትንሹ ከፈተና ዝም አለ። አሥር አለቃው ደገመለት። ፈገግታው እየጠፋ ነበር። ጽገሬዳ ልትጮኽ ነበር፣ ምን ብላ እንደሆነ ግን አታውቅም። ያኔ ሎሚ ከሴቶቹ መካከል ወጥታ፣ ጭቃውን በባዶ እግሯ እየረገጠች ሄደችና የልጁን ራስ ደረቷ ላይ ለጠፈችው። መጀመሪያ በኦሮምኛ፣ ቀጥላም ሌሎቹ ወታደሮች እንዲሰሙ በአማርኛ፣ «አትጠይቀው ልጄ፤ ዲዳ ነው» አለች። «አንደበቱ ከተያዘ ሦስት ዓመቱ። ማርያም ትፍታልኝ ብዬ ነው የምወስደው።»

አውቶቡሱ ውስጥ ከተሳፈሩ ጀምሮ ልጁ ሲያወራ ሁሉም ሰምተውታል፤ ከሾፌሩ ጋር ሳይቀር ስለ ኳስ ተከራክሯል። ጽገሬዳ ሰዎቹን አንድ በአንድ አየቻቸው። ሽማግሌዎቹ መሬት መሬት ያያሉ። ምርኩዝ የያዘው ሰው ሳለ። እማማ ቦሰና ባዶ ዓይናቸውን ወደ ዝናቡ አንስተው «ትፍታለት፤ አሜን» አሉ፣ ሌሎቹም አንድ ላይ «አሜን» አሉ። አሥር አለቃው ካርዱን ለሎሚ መለሰ። ከኪሱ ሃምሳ ሳንቲም አውጥቶ «ሻማ አብሩለት» አለ።

ከዚያ በኋላ መረሳ ቃል አልተናገረም። መንገድ ላይ ሌሎች መንገደኞች ተጭነው ስለነበር መናገር አይቻልም ነበር፤ ደግሞም ጨዋታው ጨዋታ አለመሆኑ የገባው እዚያ ጭቃ ውስጥ ነው። አንድ ጊዜ ዞሮ እናቱን አያት። ጽገሬዳ ዓይኗን ወደ መስኮቱ አዞረች።

ከወሊሶ አልፈው ከዋናው መንገድ ከወረዱ በኋላ የአንድ ሰዓት ዳገት አለ። ሰው ከየአቅጣጫው እንደ ገበያ ቀን ይተማል። በሽተኛ የተሸከሙ፣ በበቅሎ የጫኑ፣ ከመንደሩ ጀምረው በጉልበታቸው የሚሄዱ ሴቶች ነበሩ። የዳገቱ አፍ ላይ መዶሻና ማጭድ የተሳለበት ቅስት ቆሟል፤ ከሥሩ ሁለት ሰዎች በጃንጥላ ተጠልለው የሚወጣውን ሰው ያያሉ፣ አንዱ ደብተር ይዟል። ቤተ ክርስቲያኗ ጽገሬዳ እንዳሰበችው ትልቅ አይደለችም። ጥንት የፈረንጅ ሚሲዮኖች ያሠሯት ከሻካራ ድንጋይ ነው፤ ቆርቆሮዋ ዝጓል፤ በጎኗ የደወል ቤት አላት፣ ደወሉ ግን አይደወልም፣ ስብሰባ ይረብሻል ተብሎ ተከልክሏል። ውስጡ ጨለም ብሎ በሰው ላብና በሰም ሽታ ታፍኗል። የማርያም ሥዕል በመስታወት ሳጥን ውስጥ ተሰቅሏል፤ ዙሪያውን የዳኑ ሰዎች ትተውት የሄዱት ምርኩዝ፣ የሕፃን ጫማ፣ የተጣጠፈ ወረቀት ተሰክቷል። ጽገሬዳ ጫማዋን እንደ ልማዷ በር ላይ ልታወልቅ ስትል ሌሎቹ ተጫምተው ሲገቡ አይታ አፈረች፤ ግን አወለቀች።

ዲዳው ልጅ መጥቷል የሚለው ወሬ ከእነሱ ቀድሞ ደርሷል። ሴቶች መንገድ ለቀቁለት። አንዲት ልጇን ያዘለች ሴት እጇን ዘርግታ ጉሮሮውን ዳሰሰችውና የራሷን ልጅ ጉሮሮ ዳሰሰች። እማማ ቦሰና ጠበሉን በመዳፋቸው ይዘው፣ ፊቱን በሌላ እጃቸው እየፈለጉ አገኙትና ከንፈሩን አጠቡት። ኬላው ላይ የነበሩ ሴት ናቸው፤ እውነቱን ያውቃሉ። ሲጸልዩ ግን ድምፃቸው ይንቀጠቀጣል፣ እንባቸውም ይወርዳል፤ ለማን እንደሚያለቅሱ አይታወቅም። በዙሪያቸው የቆሙት የማያውቁት ሰዎች ሁሉ ተንበርክከው ለመኑለት። መረሳ በመካከላቸው ቆሞ ጥርሱን ነክሶ ነበር። በኋላ አለቀሰ፤ ያለ ድምፅ፣ አፉን ጥብቅ አድርጎ ዘግቶ፤ ሰዎቹም ሲያለቅስ አይተው ጸሎቱን አበረቱት።

ጽገሬዳ ጧፎቹን ይዛ ሥዕሉ ፊት ቀረበች። የመጀመሪያውን አበራች፤ «መረሳ» አለች። ሁለተኛውን ከመጀመሪያው ልትለኩሰው አስጠጋችው። ሓለፎም የሚለውን ስም ለመጥራት አፏን ከፈተች፤ ዘጠኝ ዓመት በቀን ሃያ ጊዜ የጠራችው ስም ነው። አልወጣ አላት። ማርያም ፊት ቆሞ ጠብቂው ማለት ያኔ ማላገጥ ሆኖ ታያት። ከኋላዋ ሰው ይገፋታል። ጧፉን እንዳልበራ ከጎኗ ላለች አንዲት ገጠሬ ሴት ሰጠቻት። ሴትዮዋ እጇን ሳመቻት።

አባ ወልደ ሚካኤል ቅዳሴው ካለቀ በኋላ ከቤተ ክርስቲያኗ ኋላ ባለች ትንሽ ክፍል ተቀበሏቸው። የሰባ ዓመት ሰው ናቸው፤ እጃቸው የቄስ ሳይሆን የአናጢ እጅ ነው፣ የግራው አመልካች ጣት ጫፉ የለም። ክፍሉ ውስጥ አንድ ጠረጴዛ፣ የተደራረቡ የቅዳሴ ልብሶችና በግድግዳው የተደገፈ ያልተጠናቀቀ የመስኮት ፍሬም አለ። ሎሚ በሩ ላይ ቆመች። ጽገሬዳ የመጣችበትን ነገር ባጭሩ ተናገረች። ከግድግዳው ወዲያ ሰው ይኖር እንደሆነ እየፈራች፣ በሹክሹክታ። አረጋዊ ያለውን ግን አልተናገረችም፤ የልጄ ስም ኮታ ውስጥ ገብቷል፣ ቅዳሜ ይወስዱታል ብቻ ነው ያለችው።

ሽማግሌው ልጁን ከላይ እስከ ታች አዩት። «መጋዝ ይዘህ ታውቃለህ?»

መረሳ አላውቅም በማለት ራሱን ነቀነቀ።

«እዚህ ማውራት ትችላለህ» አሉት።

ልጁ ወደ እናቱ ዞረ። ከማለዳ ጀምሮ ያልተናገረ ድምፁ ሻክሮ ወጣ። «ሓለፎምስ?»

«ሓለፎም ማነው?» አሉ አባ ወልደ ሚካኤል።

«የአጎቴ ልጅ ነው። አብረን ነን፤ እኩያ ነን።»

«ታዲያ እሱም ይምጣ። ያሉኝ ልጆች አሥራ አንድ ናቸው፤ አሥራ ሁለትም አሥራ ሦስትም ቢሆኑ ለሚፈትሸው ሰው ልዩነት የለውም። ፍራሽ አለ። ቀን መርጣችሁ ላኩት።»

ጽገሬዳ ይህን አልጠበቀችም። ሦስት ቀን ሙሉ ለአንድ ልጅ የሚሆን ቀዳዳ ለማግኘት ስትለምን፣ ሁለት ብላ ለመጠየቅ አልሞከረችም። አልፈለገችም እንዴ? አረጋዊ ያለው ቃል ከግድግዳው ወዲያ እንደተሰማት ሆኖ በራሷ አፍ መጣ። «ሓለፎም አባት አለው» አለች። «ስሙም አልተያዘም። የተያዘው ያንተ ብቻ ነው።»

«ማርያምን በይ» አላት መረሳ።

የመሐላ ስም ነው፤ በልጅነቱ ከረሜላ ስትደብቅበትም እንዲህ ይላታል። ሥዕሉ ያለበት ግድግዳ ከጀርባዋ ነው። «ማርያምን» አለች።

አባ ወልደ ሚካኤል አዩዋት። ረጅም ጊዜ ንስሐ የሰሙ ሰው ናቸው፤ ምንም ሳይሉ ዓይናቸውን አንስተው መስኮቱን አዩ። ከዚያ ለልጁ ሰማያዊ የሥራ ካፖርት ሰጡትና በጓሮ በር አስወጥተው ወደ ሚሲዮኑ ግቢ ወሰዱት። መረሳ ሲለያት አቀፋት፤ የሓለፎም ሹራብ ጉንጯን ፈገፈጋት። «ቅዳሜ ይለፍና አምጪው፤ ብቻዬን ይደብረኛል» አላት በጆሮዋ።

ስትመለስ አውቶቡሱ ውስጥ የሎሚ ጎን ባዶ ነበር፤ ማንም የዲዳው ልጅ የት ቀረ ብሎ አልጠየቀም። ከዝናቡ የተነሳ በቀስታ ነው የሚሄዱት። ጽገሬዳ በመጀመሪያ ቀለላት፤ ከወሊሶ እስከ ቱሉ ቦሎ ድረስ እንቅልፍ ወሰዳት። ስትነቃ ግን ነገሩ ጎኗ ተቀምጦ ጠበቃት። ዛሬ ሐሙስ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ይመጣሉ። መረሳ ከሌለ ሓለፎምን ነው የሚወስዱት፤ ይህን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ታውቀው ነበር፤ ያወቀችውን ግን አላየችውም ነበር። አሁን ታየው ጀመር፤ ልጁን በቁምጣ ሆኖ ሹራቡን ሲያወልቅ። ቀን መርጣችሁ ላኩት ብለዋል ሽማግሌው። ዓርብ አንድ ሙሉ ቀን አለ። ወደ ሎሚ ወንበር ሄዳ ጆሮዋ ላይ «ካርዱን ነገ እንደገና አውሺኝ» አለቻት። ሎሚ ምንም ሳትጠይቅ ካርዱን ከጡቷ ሥር አውጥታ እጇ ላይ አኖረችው፤ ሞቋል። ጽገሬዳ ማታውኑ ለወለተሰንበት ሁሉንም ልትነግራት ወሰነች። ከአረጋዊም ጋር ፊት ለፊት ልትነጋገር። ይቆጣ፣ ይፈር፣ ያባርራት። ሁለቱም ልጆች ኮረብታው ላይ ሆነው እንጨት ሲልጉ አየቻቸው፤ ከተማው መግቢያ ሲደርሱ ያ ምስል እንደ ደስታ ያለ ነገር ሆኖላት ነበር።

ልደታ ስትደርስ አሥራ ሁለት ሰዓት አልፏል። የጾሙ መፍቻ ቀን ነውና ከየቤቱ የዶሮ ሽታ መውጣት ነበረበት፤ ይሸታልም፤ ግን የሚበላ ሰው ድምፅ የለም። አስፋልቱ ዳር ሴቶች በሁለት በሦስት ቆመዋል። አንዷ ጽገሬዳን ስታያት ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ጽገሬዳ መጠየቅ አላስፈለጋትም፤ እርምጃዋን ሳታፈጥን፣ ሳታዘገይም፣ ወደ ግቢዋ ሄደች።

አረጋዊ በረንዳው ላይ በዱካ ተቀምጧል። ዝናቡ ጉልበቱን እየመታው አልተነሳም። የጥበቃ ዱላው ከእግሩ ሥር ወድቋል።

«ቅዳሜ አልነበረም?» አለች ጽገሬዳ። ከአፏ አምልጦ ነው የወጣው።

አረጋዊ ቀና ብሎ አያት። «በዓል ነው፤ ሁሉም ቤቱ ይገኛል አሉ። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ መጡ። መረሳን ጠየቁ፤ የለም አልኳቸው። ደገፋ ከግቢው አንድ ሰው ነው አለ።» እጁን ፊቱ ላይ አኖረ፤ መልሶ አነሳው። «ልጁ ገበታ ላይ ነበር። እጁን እንኳ አልታጠበም።»

ጽገሬዳ እዚያው ዝናቡ ውስጥ ቆመች። የተማሪ ካርዱ ቦርሳዋ ውስጥ አለ።

«ሰምተሽ ነበር» አለ አረጋዊ። ጥያቄ አልነበረም።

«ሰምቼ ነበር፣ ጋሼ።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ሁለቱም የሚሉት ብዙ ነበራቸው። እሷ እንዴት አስቻለዎት ትለው ነበር፤ እሱም እንዴት አስቻለሽ ይላት ነበር። ከውስጥ የጎረቤት ሴቶች ድምፅ ይሰማል፤ ለወለተሰንበት ውሃ ስጧት ይላሉ። አረጋዊ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «መረሳ ደኅና ነው?»

«ደኅና ነው።»

«ተመስገን» አለ፤ ከልቡ ነበር። ከዚያ እጇን ያዛት፤ ዘጠኝ ዓመት እጇን ይዟት አያውቅም፤ ጨምቆ አሳመማት። «የት እንዳለ አትንገሪኝ፣ ጽጌ። ብለምንሽም አትንገሪኝ። ብትነግሪኝ ነገ ሄጄ አመጣዋለሁ።»

እጇን ለቀቀና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ወለተሰንበት አልጋዋ ላይ ነበረች። ፊቷ አመድ መስሏል፤ ደረቷ በነጠላው ሥር ቶሎ ቶሎ ይነሳል፣ ይወርዳል። ሴቶቹ ለጽገሬዳ ቦታ ለቀው አንድ በአንድ ወጡ። ጽገሬዳ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች፤ የምትናገረውን መንገድ ሙሉ አዘጋጅታ ነበር።

«መረሳስ?» አለች ወለተሰንበት።

«እዚያ ቀረ። ትንሽ አሞት ሚሲዮኖቹ ጋ ተውኩት።»

ወለተሰንበት ዓይኗን ጨፈነች። እንባዋ ወደ ጆሮዋ ወረደ። «እንኳን ቀረ» አለች። «እንኳን ይዘሽው ሄድሽ፣ እኅቴ። ቢሆንማ ሁለቱንም ይወስዱብን ነበር።» በጎኗ ዞር ብላ ወደ ግድግዳው ተጠጋችና ብርድ ልብሱን ገልጣ ቦታ ለቀቀችላት። «ዛሬ ብቻዬን አታስተኚኝ።»

ጽገሬዳ ጭቃ የያዘውን ጫማዋን አውልቃ ከጎኗ ተጋደመች። ወለተሰንበት እጇን ፈልጋ አገኘችና ልቧ በሚመታበት በኩል ደረቷ ላይ አኖረችው።